ግዴታውን ከፈቃዱ ለይተሽ ስሚ

ልጄ፣ የነርስነት ትምህርትሽን ጨርሰሽ ውጭ አገር ለመሥራት እንግሊዝኛሽን ማጠናከር መጀመርሽን ስሰማ ደስ ብሎኛል። አዳዲስ ቃላት በደብተር እየጻፍሽ እንደምታጠኚ ነግረሽኛል፤ በርቺ። እኔ የምመክርሽ ግን ስለ ረጃጅሞቹ ቃላት አይደለም፤ እነሱን መዝገበ ቃላት ይነግርሻል። የምመክርሽ ስለ ካን፣ ሜይ፣ መስት፣ ሹድ፣ ውድ፣ ዱ እና ሃቭ ነው። በትምህርት ቤት «ረዳት ግሦች» ተብለው በጥቂት ክፍለ ጊዜ የሚታለፉት ናቸው። በእንግሊዝኛ ግዴታው፣ ፈቃዱ፣ ጥርጣሬውና አክብሮቱ የሚቀመጠው እነሱ ላይ ነው። እንግሊዝኛ ሳስተምር በኖርኩባቸው ዓመታት ይህን አይቻለሁ፦ ቅርጹን ብትሳሳቺ ሰሚው ያርምሽና ያልፈዋል። ግዴታን ከፈቃድ ብታቀላቅዪ ግን ሰሚው ስሕተት መሆኑን ስለማያውቅ የነገርሽውን አምኖ ይሄዳል።

1. ቅርጹ ጥቂት ነው፤ ቶሎ ጨርሺው።

ካን፣ ኩድ፣ ሜይ፣ ማይት፣ መስት፣ ሻል፣ ሹድ፣ ዊል እና ውድ፤ እነዚህ 9 ቃላት ጠባያቸው አንድ ነው። ባለቤቱ «ሂ»ም ይሁን «ሺ»፣ «ኤስ» አይጨምሩም። ከኋላቸው የሚመጣው ግሥ ምንም ሳይጨመርበት ይመጣል። ከእነሱ ሁለቱ ጎን ለጎን አይቆሙም። ስለዚህ «ሺ ካን ስዊም» እንጂ «ሺ ካንስ ስዊም» ወይም «ሺ ካን ቱ ስዊም» አይባልም። ያቺ «ቱ» የምትገባብን ከአማርኛችን ነው። እኛ «መዋኘት ትችላለች» ስንል ግሡ «መ»ን ይዞ ስለሚመጣ፣ እንግሊዝኛውም ላይ አንድ ነገር የጎደለ ይመስለናል። ምንም አልጎደለም። «ዊል ካን» ማለት ሲያምርሽም «ዊል ቢ ኤብል ቱ» በዪ።

ለምን «ኤስ» እንደማይወስዱ ተማሪዎቼ ሲጠይቁኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ መልሱ ጥሩ ታሪክ አለው። አብዛኞቹ በጥንቱ ቋንቋ የኃላፊ ጊዜ ቅርጽ የነበራቸው ናቸው፤ ኃላፊ ጊዜ ደግሞ ያኔም ዛሬም «ኤስ» የለውም። ትርጉማቸው ወደ አሁን ሲዞር ቅርጻቸው እንደነበረ ቀረ። «መስት» ራሱ የሌላ ቃል ኃላፊ ነበር። ለዚህም ነው ዛሬ ለራሱ ኃላፊ የሌለው፤ «ትናንት መሄድ ግድ ሆነብኝ» ለማለት «ሃድ ቱ»ን መዋስ አለብሽ።

2. «ዱ» ከመጣ ጊዜውንና «ኤስ»ን እሱ ይሸከም።

«ዲድ ዩ ዌንት?»፣ «ሂ ደዝንት ኖውስ» የሚሉትን ሁለቱን ብቻ ከአፍሽ ብታጠፊ፣ ከእኛ አገር ተማሪዎች ስሕተት ብዙው ይቀልልሻል። «ዲድ» ኃላፊ ጊዜውን ወስዷል፤ ስለዚህ «ጎ»። «ደዝ» «ኤስ»ን ወስዷል፤ ስለዚህ «ኖው»። አንዱ ከያዘ ሌላው ይለቃል፤ ሕጉ ይኸው ነው። «ዱ»ን ለጥያቄና ለአሉታ ማስገባት በእንግሊዝኛ የቆየ ነገር አይደለም። በ1611 እ.ኤ.አ. የታተመውን የንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ ብትከፍቺ ያለ «ዱ» የተጠየቀ ጥያቄና ያለ «ዱ» የተካደ ነገር በብዛት ታገኛለሽ። በቤተ ክርስቲያን በእንግሊዝኛ የሚያነቡ ሰዎች አንዳንዴ ከዚያ ይዘው ይመጣሉ፤ ለሥራ ግን አትጠቀሚበት።

ሌላ ከዚሁ የሚጠጋ፦ «አይ አም አግሪ» አትበዪ። «እስማማለሁ» ውስጥ ያለው «አለሁ» «አም» መስሎ ይታየናል። «አይ አግሪ» ይበቃል።

3. «ሃቭ»ን በሽተኛ ስትጠይቂ ተጠንቀቂ።

አማርኛችን «በላሁ» እና «በልቻለሁ»ን ይለያል፤ ይህ ለእንግሊዝኛው መንገድ ይከፍትልሻል። ልዩነቱ፣ እኛ «ትናንት በልቻለሁ» ብንል ማንም አይገረምም፤ እንግሊዝኛ ግን ያለፈውን ጊዜ ስሙን ከጠራሽ «ሃቭ»ን አይፈቅድም። ትናንት ካልሽ «አይ ኤት» ነው፤ ትምህርት ቤት «ቪ ቱ» የምንለው። ጊዜውን ካልጠራሽ፣ ወይም ነገሩ እስከ አሁን ከዘለቀ፣ «ሃቭ» እና «ቪ ስሪ» ይመጣሉ። «እዚህ ከኖርኩ 5 ዓመቴ ነው» የሚለውም «አይ ሃቭ ሊቭድ ሂር ፎር ፋይቭ ይርስ» ነው እንጂ፣ ብዙዎቻችን እንደምንለው «አይ አም ሊቪንግ ሂር ሲንስ ፋይቭ ይርስ» አይደለም።

አሁን ወደ አልጋው ጠጋ በዪ። «ሃው ሎንግ ሃቭ ዩ ሃድ ዚስ ፔይን?» ብለሽ ስትጠይቂ፣ ሕመሙ አሁንም እንዳለ ይዘሽ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ነው የምትጠይቂው። «ሃው ሎንግ ዲድ ዩ ሃቭ ዘ ፔይን?» ካልሽ ግን ሕመሙ ቆሟል፤ ስንት ጊዜ ቆይቶ እንደተወ ነው የምትጠይቂው። ሰውየው «ቱ አወርስ» ብሎ ቢመልስልሽ፣ በመጀመሪያው ጥያቄ የደረት ውጋቱ ላለፉት 2 ሰዓታት ሳይለቀው የቆየ ሰው ነው፤ በሁለተኛው ውጋቱ ለ2 ሰዓት ቆይቶ የለቀቀው ሰው ነው። ሐኪሙ ለሁለቱ አንድ ዓይነት ውሳኔ አይወስንም።

4. «መስት ኖት» እና «ዶንት ሃቭ ቱ» ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ከምነግርሽ ሁሉ ይህን በጣም አጥብቄ እነግርሻለሁ። በአማርኛ «መብላት አለብዎት» ግልጽ ነው። አሉታው ግን «መብላት የለብዎትም» ሲሆን ሁለት ትርጉም ይይዛል፦ «እንዳይበሉ፣ ክልክል ነው» ማለትም ሊሆን ይችላል፤ «መብላት ግዴታዎ አይደለም፣ ከፈለጉ ይብሉ» ማለትም ሊሆን ይችላል። በቤታችን ንግግር ድምፁ፣ ፊቱና አጋጣሚው ስለሚለዩት አንሳሳትም። እንግሊዝኛ ግን ለሁለቱ ሁለት የተለያየ ቃል አለው። «ዩ መስት ኖት ኢት» ክልከላ ነው፤ «ዩ ዶንት ሃቭ ቱ ኢት» ነፃ መልቀቅ ነው። ከአማርኛ ስትነሺ ሁለቱም በአንድ በር ይገባሉና የትኛውን እንደምትይዢ ሳታስቢ አትናገሪ።

ነገ ጠዋት ቀዶ ሕክምና የሚደረግላቸውን አንዲት እናት አስቢ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ምግብ ክልክል ነው። ምክንያቱም ማደንዘዣ ተሰጥቷቸው ሳለ በጨጓራቸው ያለው ምግብ ተመልሶ ወደ ሳንባቸው ሊገባ ይችላል፤ ይህ ደግሞ ይገድላል። ነርሷ «ዩ መስት ኖት ኢት አፍተር ሚድናይት» ትላለች። አስተርጓሚው «ከእኩለ ሌሊት በኋላ መብላት የለብዎትም» ይላቸዋል። ቃል በቃል ትክክል ነው። እናታችን ግን ልጆቻቸው «ብዪ» እያሉ ሲያስጨንቋቸው፣ እሳቸውም «ግድ ብላችሁ አታብሉኝ» ሲሉ የኖሩ ናቸው። «ደግ፣ አያስገድዱኝም ማለት ነው» ብለው ሌሊት ከልጃቸው እጅ አንዲት ጉርሻ ቢቀበሉ ማን ይፈርድባቸዋል? ስለዚህ አንቺ በአማርኛ ስታስረጂ «እንዳይበሉ፤ ውኃም ቢሆን ሐኪሙ ከፈቀደልዎ ሰዓት በኋላ እንዳይጠጡ፤ ለሕይወትዎ አደገኛ ነው» በዪ። ወደ እንግሊዝኛ ስትዞሪ ደግሞ ራስሽን ጠይቂ፦ ቢያደርጉት ጉዳት አለው? ካለው «መስት ኖት»። ባያደርጉት ምንም የለም? እንግዲያው «ዶንት ሃቭ ቱ»። ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም የሚወሰድ መድኃኒት ሲሆን «ዩ ዶንት ሃቭ ቱ ኢት ፈርስት» ትያለሽ፤ እዚህ «መስት ኖት» ብትዪ በሽተኛሽን ያለ ምክንያት ታስርቢያለሽ።

ይህ ለፈተና የሚጠና ነጥብ ብቻ አይምሰልሽ። አደራሽን፣ ሁለቱን ዓረፍተ ነገሮች ምላስሽ ሳይደናቀፍ እስኪያወጣቸው ድረስ ጮክ ብለሽ ደጋግሚያቸው።

5. በጽሑፍ ላይ «ሻል»፣ «መስት»፣ «ሹድ» እና «ሜይ»ን በደረጃ አንብቢያቸው።

እኛ ኢትዮጵያውያን «ይችላል» እና «ይገባዋል» ሲምታቱ ምን እንደሚመጣ ከማንም በላይ ማወቅ አለብን። በ1881 ዓ.ም. ውጫሌ ላይ በተፈረመው ውል፣ 17ኛው አንቀጽ በአማርኛው ዐፄ ምኒልክ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት በኩል መላላክ ይቻላቸዋል የሚል ነበር። በጣልያንኛው ግን ይህን ለማድረግ ተስማምተዋል ተብሎ ተጻፈ፤ ኢጣልያም ኢትዮጵያ በእኔ ጥበቃ ሥር ናት ብላ ለአውሮፓ መንግሥታት አሳወቀች። ንጉሠ ነገሥቱ ውሉን ሰረዙ፤ ነገሩ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ደረሰ። በእርግጥ ለጦርነቱ ሌላም ብዙ ምክንያት ነበረው፤ ቋንቋውም እንግሊዝኛ አልነበረም። ጥያቄው ግን አንቺ ውል ስታነቢ የምትጠይቂው ያው ጥያቄ ነው፦ ይህ ሰው ይህን ማድረግ ይችላል ወይስ ግዴታው ነው?

በውል ላይ «ዘ ኢምፕሎየር ሻል ፔይ» ከተባለ አሠሪው የመክፈል ግዴታ አለበት። «ሻል» እዚህ የትንቢት ጊዜ አይደለም። በአማርኛ ውል «አሠሪው ይከፍላል» ሲባል ግዴታውን እንደምናውቀው ነው። «ዘ ኢምፕሎየር ሜይ ፔይ» ከተባለ ግን ቢፈልግ ይከፍላል፣ ባይፈልግ ይተዋል፤ ተከራክረሽ የምታገኚው ነገር የለም። «ዘ ኢምፕሎዪ ሜይ ኖት» ደግሞ በውል ውስጥ ክልከላ ነው። ወደ ዓረብ አገሮች የሚሄዱ እህቶችሽ የሚፈርሙት ውል ብዙ ጊዜ ከዓረብኛው ጎን እንግሊዝኛ አለው። ስለ ትርፍ ሰዓት፣ ስለ ዕረፍት ቀን፣ ስለ ትኬት የሚናገረው መስመር ላይ ጣትሽን አድርገሽ ረዳት ግሡን ፈልጊና ንገሪያቸው። ይህን ማድረግ ለምታውቂያቸው ሁሉ የምታደርጊው ትልቅ ውለታ ነው።

«ሻል» ብዙ ጊዜ አሻሚ ስለሚሆን አሜሪካኖች እየተዉት ነው። የፌዴራል ፍርድ ቤቶቻቸው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ደንብ በ2007 እ.ኤ.አ. እንደገና ሲጻፍ «ሻል»ን አውጥተው እንደ ቦታው «መስት»፣ «ሜይ» ወይም «ሹድ» አስገቡ። ደረጃው በጣም ጠርቶ የተጻፈበት ግን፣ ይገርምሻል፣ የኢንተርኔት መሐንዲሶች በ1997 እ.ኤ.አ. ያወጡት 2119 ቁጥር ያለው ሰነድ ነው። በዚያ «መስት» ፍጹም ግዴታ ነው፤ «ሹድ» በቂ ምክንያት ካለሽና መዘዙን ካመዛዘንሽ ልትተዪው የምትችዪው ነው፤ «ሜይ» የውዴታ ነው። የሆስፒታል መመሪያ ስታነቢም በዚሁ ሚዛን ጀምሪ።

6. «ሊዘንብ ይችላል» «ካን» አይደለም።

«ይችላል» በአማርኛ ችሎታም ነው፣ ሊሆን የሚችል ነገርም ነው። «ሊዘንብ ይችላል» ብለሽ ስለ ዛሬ ከሰዓት ከተናገርሽ «ኢት ሜይ ሬይን» ወይም «ኢት ማይት ሬይን» በዪ። በ«ሜይ» እና በ«ማይት» መካከል ያለውን ልዩነት ብዙ አትመራመሪ፤ «ማይት» ትንሽ ይደክማል፣ ከዚያ በላይ አይደለም። የሰዋስው መጻሕፍት ለዚህ ብዙ ገጽ ያባክናሉ።

7. ስላለፈ ነገር ስትጽፊ የትኛውን ያለፈ እንደምትጽፊ እወቂ።

«መድኃኒቱን መውሰድ ነበረባት» የሚለው ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ደግሞ ሁለት ታሪክ ይይዛል። ግድ ሆኖባት ወሰደች ማለት ሊሆን ይችላል፤ መውሰድ ሲገባት አልወሰደችም ማለትም ሊሆን ይችላል። እንግሊዝኛ እዚህ ቆራጥ ነው። «ሺ ሃድ ቱ ቴክ ኢት» ወሰደች። «ሺ ሹድ ሃቭ ቴክን ኢት» አልወሰደችም። ተረኛ ሆነሽ በመዝገብ ላይ ከሁለቱ አንዱን በሌላው ቦታ ብትጽፊ፣ ከአንቺ በኋላ የምትገባው ነርስ ወይ በሽተኛዋን ሁለቴ ታስውጣታለች፣ ወይ ያልተወሰደውን እንደተወሰደ ትቆጥራለች።

ከዚሁ ጋር እነዚህንም ያዢ። «ሺ ሜይ ሃቭ ቴክን ኢት» ወስዳ ይሆናል፤ አላወቅሽም። «ሺ መስት ሃቭ ቴክን ኢት» ሳትወስድ አልቀረችም፤ ባዶውን ብልቃጥ አይተሽ ደመደምሽ እንጂ ስትወስድ አላየሽም። «ሺ ቱክ ኢት» ግን አይተሻል። አማርኛችን «ይሆናል» እና «ሳይሆን አይቀርም» ብሎ ይህን በሚያምር ሁኔታ ስለሚለይ፣ ከእሱ መነሣት ትችያለሽ። ያላየሽውን እንዳየሽ አድርገሽ እንዳትጽፊ ብቻ።

ፈረንጆቹ ራሳቸው «ሹድ ሃቭ»ን ሲያጣድፉት «ሹድ ኦቭ» ይመስላል፤ እንደዚያ ብለው የሚጽፉም አሉ። አትከተያቸው።

8. አክብሮትሽን ወደ «ኩድ» እና «ውድ» አሻግሪው።

አንቺ ታላቅን «እርስዎ» ብለሽ፣ ተነሥተሽ፣ በሁለት እጅሽ ተቀብለሽ ያደግሽ ልጅ ነሽ። እንግሊዝኛ ስትናገሪ ይህ ሁሉ አክብሮት ድንገት መቀመጫ ያጣል። «ዩ» ድሮ የብዙና የአክብሮት መጥሪያ ነበር፤ ለአንድ ቅርብ ሰው «ዛው» ነበራቸው። «ዛው» ከዕለት ንግግር ሲጠፋ ለሁሉም «ዩ» ብቻ ቀረ። ከዚያ ወዲህ አክብሮቱን ከሚሸከሙት ዋነኞቹ ረዳት ግሦቹ ሆኑ። «ጊቭ ሚ ዘ ቻርት» ብለሽ «ፕሊስ» ብትጨምሪበትም ትእዛዝ ነው። «ኩድ ዩ ፓስ ሚ ዘ ቻርት?» በዪ። «አይ ዎንት» ከማለት «አይ ውድ ላይክ» በዪ። ልጆቻችን ውጭ አገር ሄደው «ባለጌ ናቸው» ሲባሉ ስሰማ ያመኛል፤ ባለጌ ስለሆኑ ሳይሆን «እባክዎ ይስጡኝ»ን ቃል በቃል ስለተረጎሙት ነው።

«ኩድ» እና «ውድ» መልካቸው ኃላፊ ሆኖ ሳለ ስለ አሁን መናገራቸው ግራ አያጋባሽ። አንቺም ሱቅ ገብተሽ «አንድ ኪሎ ስኳር ፈልጌ ነበር» ትያለሽ፤ ባለ ሱቁም «ታዲያ አሁን አትፈልጊም?» አይልሽም።

9. ለስላሳውን ትእዛዝ እንደ ምርጫ አትስሚው።

ይህ የ8ኛው ምክር ተገላቢጦሽ ነው። የክፍሉ ኃላፊ «ዩ ማይት ዎንት ቱ ቼክ ዛት ዶዝ» ብትልሽ፣ «ብትፈልጊ» ማለቷ አይደለም። ሂጂና መጠኑን አሁኑኑ አመሳክሪ ማለቷ ነው። «ፐርሃፕስ ዊ ሹድ» ሲሉሽም እንዲሁ። በሌላ ወገን ባልደረባሽ «ዩ መስት ከም ፎር ዲነር» ብትልሽ አታስገድድሽም፤ የወዳጅነት ግብዣ ነው። ከሥራ ላይ ሰው ለስለስ ያለ ነገር ስትሰሚ ክብደቱን ከተናጋሪው ኃላፊነት ለኪው።

10. «ካን» ስትዪ አትጫኚው።

አሜሪካኖች «ካን»ን ከግሥ በፊት ሲያሳልፉት «ክን» እስኪመስል ያሳንሱታል፤ ክብደቱን ግሡ ላይ ያደርጉታል። «ካንት» ሲሉ ግን ድምፁን ሙሉ አድርገው ይጫኑታል፣ የመጨረሻዋን «ት» ደግሞ ብዙ ጊዜ ይውጧታል። እኛ እያንዳንዱን ቃል በእኩል ስለምናነሣ «አይ ካን ከም» ስንል፣ ሰሚው ጠንከር ያለውን «ካን» ሰምቶ «አልመጣም አለችኝ» ይላል። ስለዚህ «አይ ክን ከም» ብለሽ «ከም» ላይ ተጫኚ። እንግሊዞች ለ«ካንት» አናባቢውን ስለሚያረዝሙት ከእነሱ ጋር ችግሩ ይቀላል።

አሉታውን ስትናገሪ «ካኖት» ብለሽ ሙሉውን አውጪው። በስልክ ስለ በሽተኛ ለሌላ ነርስ ስታስረክቢ ደግሞ «ካን»ንም «ካንት»ንም ተያቸው፤ «ሺ ኢዝ አላውድ ቱ ኢት» ወይም «ሺ ኢዝ ኖት አላውድ ቱ ኢት» በዪና፣ ነርሷ የሰማችውን መልሳ እንድትነግርሽ «ኩድ ዩ ሪፒት ዛት ባክ ቱ ሚ?» ብለሽ ጠይቂያት።